በምንጣፍ ላይ የተበተኑ ደሴቶች

ጊንዞ ሐማሳኪ አርባ አንድ ዓመት ባሕር ላይ ሠርቶ ባሕርን በቅጡ ያላየ ሰው ነበር። ሲሚንቶ በምትጭን መርከብ ላይ ረዳት መካኒክ ሆኖ ገባ፣ ዋና መካኒክ ሆኖ ወጣ፤ ዕድሜውን የጨረሰው ከውሃው በታች፣ ሞተር ክፍል ውስጥ ነው። ሦስት ወር መርከብ ላይ፣ አንድ ወር ቤቱ። ጡረታ ወጥቶ ካጂጋውራ ወደምትባለው የወደብ መንደሩ ጠቅልሎ ከገባ በኋላም የሞተሩ ድምፅ ከጆሮው አልወጣ አለው። ጠዋት ሲነቃ የቤቱ ዝምታ ያስደነግጠዋል። «ምን ተበላሸ?» ብሎ ብድግ ይልና ወለሉ እንደማይንቀጠቀጥ በባዶ እግሩ ይዳስሳል። ከዚያ ቤቱ መሆኑ ትዝ ይለውና መልሶ ጋደም ይላል።

ሚስቱ ፉሳኤ ልጃቸው ናሚኤ ከተወለደች ወዲህ በስሙ ጠርታው አታውቅም። «አባት» ነው የምትለው። «አባት፣ ከዚህ ተነሣ ልጥረግበት። አባት፣ እዚያም አትቀመጥ፣ እዚያም ልጠርግ ነው።» ክፋት የላትም። ለአርባ ዓመት ብቻዋን ባደራጀችው ቤት ውስጥ ድንገት አንድ ቁም ሣጥን የሚያህል ሰው ተጨመረባት፤ የት እንደምታስቀምጠው ገና አላወቀችም።

ከዚህ ጣጣ ያወጣው ታሜኦ ነው። ታሜኦ የልጅነት ጓደኛው፣ ዓሣ ነጋዴ የነበረ፣ አፉ የማያርፍ ሽማግሌ ነው።

«ጊን ቻን» አለው በልጅነት የቁልምጫ ስሙ፣ «ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት በመንደሩ አዳራሽ የራስን ታሪክ መጻፍ ያስተምራሉ። ሻይ አለ። ማቀዝቀዣም አለ።»

«ምን ብዬ ልጻፍ?»

«እኔ ዓሣ ስቆርጥ የኖርኩት ሠላሳ ገጽ ደርሻለሁ እኮ። ግማሹ ውሸት ነው። ግን ሠላሳ ገጽ ነው!»

ጊንዞ ሄደ። አዲስ ደብተር ገዛ፣ እርሳሱን ቀረጸ፣ «የተወለድኩት» ብሎ ጀመረና በዚያው ቀረ። በሦስተኛው ሳምንት እንደ ምንም ሁለት ገጽ አወጣ። መምህርቷ ሆሺና ወረቀቱን ተቀብላ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ሳብ አድርጋ አነበበች። የቀድሞ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት፤ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ማንንም የማታጣድፍ። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦ «ሚያዝያ ዘጠኝ። የዘይት ግፊት ደህና። ነፋስ ከደቡብ ምዕራብ። ሚያዝያ ዐሥር። የዘይት ግፊት ደህና።»

«ጊንዞ ሳን» አለች በአክብሮት ቀና ብላ፣ «መርከቧ በጣም ጤነኛ ናት። እርስዎ ግን የት አሉ?»

«እታች» አለ ጊንዞ።

ክፍሉ በሙሉ ሣቀ። እሱ ቀልድ አልነበረም ያወራው።

መምህርቷ አልሣቀችም። ከቦርሳዋ የእጅ መዳፍ የሚያህሉ ነጫጭ ወረቀቶች አውጥታ ፊቱ ደረደረችለት። «እንግዲያው መጻፉን ይተዉት» አለችው። «ደብተሩን ይዝጉት። በየቀኑ ወደ ልብዎ የመጣውን ነገር ይሣሉ፤ በአንድ ወረቀት ላይ አንድ ነገር ብቻ። ቀን የለም፣ ተራ የለም፣ ቃል የለም። ከዚያ ወለሉ ላይ ይበትኗቸው። ዝም ብለው ይመልከቷቸው። ‹ና ወደ እኔ› የሚባባሉትን ያቀራርቧቸው፤ በዙሪያቸው ክር ያድርጉላቸው። እነሱ ደሴት ይሆናሉ። ደሴቶቹ ሲበዙ አንዱ ከሌላው በምን እንደሚገናኝ ያያሉ። የሚጽፉት ያን ጊዜ ነው።»

«እኔ ሥዕል አልችልም፣ መምህርት።»

«ቧንቧ መሣል ይችላሉ?»

«ቧንቧማ!» አለ ጊንዞ፣ የተሰደበ ያህል።

«በቧንቧ ይጀምሩ።»

በቧንቧ ጀመረ። ቀጥሎ የግፊት መለኪያ፣ ቀጥሎ ዘይት የጠጣ ጓንት፣ ቀጥሎ ከጣሪያው በገመድ የተንጠለጠለች ኩባያ ሣለ። መስመሩ ሁሉ በማስመሪያ የተሠመረ ይመስላል። በአምስተኛው ቀን ግን እጁ ሳያስበው አንድ እንጆሪ ሣለ። ከየት መጣ? ቁጭ ብሎ አየው። ቀስ እያለ፣ አንድ ዓመት ፀደይ ላይ ጭነት ሲጠብቁ አንዲት የወደብ ሠራተኛ በባርኔጣዋ ሙሉ እንጆሪ ለመርከበኞቹ እንደሰጠቻቸው፣ እሱም ሁለቱን በኪሱ ይዞ ሞተር ክፍል እንደወረደ፣ ሙቀቱ ውስጥ ሽታው አየሩን እንደሞላው ታወሰው። አርባ ዓመት አልፎታል፤ ሽታው ግን አሁን አፍንጫው ሥር ነበር።

ከዚያ በኋላ ማን ይቻለው። በስተደቡብ ያለው ክፍል፣ የእናቱ ፎቶ የተሰቀለበት፣ ሙሉ በሙሉ በወረቀት ተሸፈነ። በሣር በተሠራው ምንጣፍ ላይ ነጫጮቹ ወረቀቶች በጠዋት ብርሃን ሲታዩ ረጋ ያለ ባሕር ላይ የተኙ ወፎች ይመስላሉ። ፉሳኤ ለጥልፍ የምታስቀምጠውን ቀይ ክር ወሰደና ደሴቶቹን ከበበበት። በመካከላቸው በእግሩ ጣት እየተራመደ ያልፋል። እንጆሪውን ከጓንቱ አጠገብ ያደርገዋል፣ ያየዋል፣ መልሶ ያርቀዋል። ከሰዓት በኋላ የዝናቡ ወቅት እንቅልፍ ሲያዳፋው በቀረው ጠባብ ቦታ ላይ ጎኑን ያሳርፋል። ዝናቡ ጣሪያውን ሲመታ ወረቀቶቹ የሚንሳፈፉ ይመስለዋል፤ በግማሽ እንቅልፉ መርከቧ ከበሩ በኩል ገብታ፣ በደሴቶቹ መሀል ቀስ ብላ ተጠማዝዛ፣ በእናቱ ፎቶ ሥር አልፋ በመስኮቱ ትወጣለች። ሲነቃ እንዲህ ያለ ደስታ ከየት እንደመጣ አያውቅም።

«ቤቴን ባሕር አደረግኸው» ትላለች ፉሳኤ በሩ ላይ ቆማ፣ የታጠበ ልብስ ታቅፋ። «ይሄን ሁሉ የት ልጠፈው ታዲያ፣ የት ላጥፈው?»

«ኮሪደሩ ላይ።»

«ኮሪደሩስ እስከ መቼ ነው የሚተርፈኝ?»

«ስሚ፣ አደራሽን እንዳትነኪያቸው። መጥረጊያም አታስገቢ።»

«ማን ይነካልሃል» አለችና ሄደች።

አንድ ቀን ጠዋት ጊንዞ በባሕሩ መሀል የማያውቀውን ወረቀት አገኘ። ረጅም የልብስ ማስጫ ዘንግ፣ ጫፉ ላይ በነፋስ የተወጠረ ሰፊ ጨርቅ። አነሣው። መቼ እንደሣለው ሊያስታውስ ሞከረ፤ አልቻለም። ሸለብ ሲያደርገው ሥሎት ይሆን? በማግስቱ ሌላ አገኘ፤ አንዲት የሕፃን ጫማ፣ ነጠላዋን። በሦስተኛው ቀን ክዳኑ የተከደነ ድስት። አባቱ በዕድሜው መጨረሻ የገዛ ቤቱን በር ረስቶ እንደነበር ያውቃል። ለሚስቱ ትንፍሽ አላለም። ሐሙስ ወረቀቶቹን በሸሚዝ ኪሱ ይዞ ሄዶ መጀመሪያ ለታሜኦ አሳየው።

«ታሜኦ፣ ራሴ የሣልኩትን ረሳሁ። አለቀልኝ መሰለኝ።»

«አንተማ ድሮም ያበደርኩህን ስትረሳ ነው የኖርከው» አለ ታሜኦ። ግን ፊቱን ሲያይ ቀልዱን ተወና ወደ መምህርቷ ገፋው።

ሆሺና ሥዕሎቹን ከጊንዞ ቧንቧ ጎን አድርጋ ረጅም ጊዜ አየቻቸው። «ጊንዞ ሳን፣ የእርስዎ መስመር አንዴ ከተነሣ እስኪደርስ አይቆምም። ይህኛው በየመንገዱ እያረፈ ነው የሄደው። ይዩት፣ እርሳሱ ስንት ጊዜ ተነሥቷል። ወረቀቱም የእኔ አይደለም፤ ከቀን መቁጠሪያ ጀርባ የተቆረጠ ነው።» መልሳ ሰጠችው።

ወጥ ቤት ያለው ቀን መቁጠሪያ ላይ ያለፉት ወራት እንደሌሉ ጊንዞ ያየው ያን ቀን ነው። ፉሳኤ ጀርባዋን ሰጥታ ሚሶ የሚባለውን የአኩሪ አተር ሾርባ ታማስላለች። ሳይጠይቃት ክፍሉ ገብቶ ወረቀቶቹን ወዲያና ወዲህ ገፋ ገፋ አደረገና በባሕሩ መሀል ባዶ ቦታ ሠራ። የተቀረጸ እርሳስ አስቀመጠበት። ወጥቶ በሩን ዘጋ።

እንዲህ ተጀመረ። የዝናቡ ወቅት እስኪያልቅ፣ ሙቀቱም ገብቶ ሲካዳ የሚባሉት የበጋ ነፍሳት ዛፉ ላይ እስኪጮሁ ድረስ ባልና ሚስቱ ቃል ሳይለዋወጡ በዚያ ምንጣፍ ላይ አወሩ። እሱ የግፊት መለኪያ ያኖራል፤ ማታ ሲመለስ አጠገቡ የቴርሞሜትር ሥዕል ያገኛል፣ በብብት ውስጥ የሚደረገው ዓይነት። እሱ የወደብ ክሬን፣ እሷ የታጠፈ ጃንጥላ። እሱ በአዲስ ዓመት መርከብ ላይ የበሉትን የሩዝ ቂጣ፣ እሷ ሁለት ጥንድ መብያ እንጨት፣ አንዱ ጥንድ ያልተነካ። አንዳንዱ ይገባዋል፣ አንዳንዱ አይገባውም። ምሳ ላይ ግን ስለ ቲማቲም ዋጋና ስለ ጎረቤት ድመት ብቻ ነው የሚነጋገሩት። ጊንዞ አንዳንዴ ቀና ብሎ ያያታል። ይህች ጨው የምታቀብለው ሴት ትናንት ያቺን ጃንጥላ የሣለችው ናት? አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ፉሳኤ ያሉ ይመስለው ነበር፤ አንዷ የምትጠርግ፣ አንዷ እሱ ሲወጣ ጠብቃ በእግር ጣቷ ወደ ባሕሩ የምትገባ።

ያቺ ጨርቅ ግን ደሴት አላገኘችም። ከሁሉ ጋር ሞከራት፣ ከማንም ጋር አልሄደችም። ነሐሴ ላይ አንድ ቀን፣ በበረዶ ውሃ ውስጥ የተንሳፈፈ ሶመን የሚባል ቀጭን ኑድል እየበሉ፣ አልቻለም።

«ቢጫዋ ጨርቅ ምንድን ናት?»

ፉሳኤ ኑድሏን መብላት አቆመች። «በእርሳስ የተሣለች ጨርቅ ቢጫ መሆኗን በምን አወቅህ?»

«ጥግዋ ላይ የተጣፈ እራፊ አላት። የብርድ ልብሳችን ሽፋን ናት። በእረፍቴ በመጣሁ ቁጥር የተኛሁባት አይደለች እንዴ?»

«ጥፉን አይተሃል?»

«ጥፉን አውቀዋለሁ። ለምን እንደተቀደደ ግን ጠይቄ አላውቅም።»

ፉሳኤ መብያ እንጨቷን አስቀመጠች። «ነፋስ ነው የቀደዳት። የመንደሩ መቅደስ ያለበት ኮረብታ ላይ። ከሥሩ ባለው ጠባብ የባሕር ሰርጥ በምታልፉበት ቀን ለመርከቡ ቢሮ ደውዬ ሰዓቱን እጠይቅና፣ ዘንግ ላይ አስሬ እወጣ ነበር። ናሚኤን ይዤ። አውለበልባለሁ።»

ጊንዞም መብያ እንጨቱን አስቀመጠ። «እኔ እኮ ሰርጡን ስናልፍ ወደ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ውሃው ይፈጥናል። ካፒቴኑ ቀንስ፣ ጨምር ሲል እጄ ከሞተሩ መነሣት የለበትም። አንድም ቀን...»

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ። የካፒቴኑ ሚስት ገበያ መሀል ነገረችኝ። እየሣቀች።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ለማን ነበር የምታውለበልቢው?»

«ለመርከቧ ነዋ። እርጉዝ ሴት በመንገድ ስታልፍ ሰላም የምትላት ሕፃኑ ስለሚያይህ ነው?» አለችና ሳህኖቹን ሰብስባ ተነሣች።

ጊንዞ ያን ሐሙስ ይህን ነገር በሆዱ መያዝ አቃተው። ለክፍሉ ተናገረ። እንደ ሌላ ጊዜው አጭር አልነበረም። መምህርቷ «እሱን ይጻፉት» አለችው። ታሜኦ ግን ከአዳራሹ እንደወጣ ወሬውን በብስክሌቱ ይዞት ዞረ። ቅዳሜ ፉሳኤ አትክልት ልትገዛ ስትሄድ ባለሱቋ «ባለ ባንዲራዋ መጣች!» ብላ ተቀበለቻት፤ ሁለት ሴቶች ደግሞ «አለቀሽ፣ አይደል? እኔማ አለቅስ ነበር» አሏት።

ፉሳኤ ዱባዋን ሳትገዛ ተመለሰች። ጫማዋን አውልቃ በቀጥታ ወደ ክፍሉ ገባች። ጊንዞ በር ላይ ቆሞ አያት፤ ጎንበስ ብላ የራሷን ወረቀቶች ብቻ አንድ በአንድ ለቀመች። ሃያ ሦስት ነበሩ። የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከተተቻቸው።

«ይሄ ለመጽሐፍህ አልነበረም» አለች።

«ታዲያ ለምን ሣልሽው?»

«ለምንጣፉ ነው የሣልኩት።»

ያን ሳምንት ባሕሩ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆነ። መለኪያው ብቻውን፣ ክሬኑ ብቻውን። ጊንዞ ወረቀቶቹን ሊያቀራርብ ሞከረ፤ እንደ ድሮ ጽሑፉ ሆኑበት፤ የዘይት ግፊት ደህና፣ ነፋስ ከደቡብ ምዕራብ። ክፍሉ ውስጥ መተኛትም እንቢ አለው።

አንድ ጠዋት መርከቦች ሰርጡን የሚያልፉበትን ሰዓት ጋዜጣው ላይ አይቶ፣ ባርኔጣውን አድርጎ ወደ መቅደሱ ኮረብታ ወጣ። ሁለት መቶ ዐሥር ደረጃ ነው። አናቱ ላይ ጥዶቹ ሥር ሲደርስ ልቡ እንደ አሮጌ ፓምፕ ይመታ ነበር። ባሕሩ ከበታቹ ተዘረጋ፤ ሙቀቱ ከውሃው ላይ እንደ ጭስ ስለሚነሣ ደሴቶቹ ከታች ተቆርጠው አየር ላይ የተንጠለጠሉ ይመስላሉ። ተቀመጠ። ከምዕራቡ ጫፍ ጀርባ አንዲት ግራጫ የሲሚንቶ መርከብ ብቅ አለች። የእሱ መርከብ ለአሮጌ ብረት ከተቆራረጠች ቆይቷል፤ ይቺ ግን እህቷን ትመስላለች። ድምፅ የላትም። ያ ጆሮ የሚያደነቁር ሞተር፣ ያ ሙቀት፣ ያ ሰው በምልክት ብቻ የሚግባባበት ጩኸት፣ ከዚህ ሲታይ እንደ ቅጠል ጸጥ ብሎ በውሃ ላይ ይንሸራተታል። ሰዓቱን አየ። ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ዐሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀባት። ጊንዞ ሳያውቀው ተነሥቶ ቆሞ ነበር። እጁም ወደ ላይ ወጥቷል። ማን ያየዋል ብሎ አፈረና አወረደው፤ ከዚያ ደግሞ ማንስ ቢያየው ብሎ መልሶ አነሣው።

ቤቱ ገብቶ እሷን ሣላት። ቧንቧና መለኪያ የለመደ እጅ ሴት መሣል አይችልም፤ ዐሥራ ሁለት ወረቀት አበላሸ። በመጨረሻ አንዱን ይዞ ወጥ ቤት ሄደና ፉሳኤ ፊት አስቀመጠው። ዘንግ የያዘች ሴት፣ ከሥሯ ትንሽ ልጅ።

ፉሳኤ በጎን አየችው። «ይሄ ምንድን ነው?»

«አንቺ ነሽ።»

«እኔ? እግሬ የሽመላ ነው እንዴ?»

«እኔ ምን ላድርግ፣ አላየሁሽም።»

ፉሳኤ እጇን በሽርጧ ጠራረገችና ወረቀቱን አነሣች። «ቀሚስ አልነበረም የለበስኩት። ኮረብታ ላይ በቀሚስ ማን ይወጣል? የእርሻ ሱሪዬን ነው። ባርኔጣ ነበረኝ፤ ከአገጬ ሥር የሚታሰር። ልጅቷም እንዲህ ዝም ብላ አትቆምም፤ የጥድ ፍሬ ነበር የምትለቅመው።» እርሳሱን ከእጁ ወሰደችና እዚያው ላይ ታስተካክለው ጀመር። እግሮቹን አወፈረች፣ ባርኔጣውን ጨመረች። ስታስተካክል መሣቅ መጣባት፤ ሣቀች፤ እንባዋ እስኪመጣ ሣቀች።

በማግስቱ ጠዋት ወረቀቶቿ ምንጣፉ ላይ ተመልሰው ነበር። ሃያ ሦስቱም፣ ግን በድሮ ቦታቸው አይደለም። እሷ ራሷ ደሴት ሠርታላቸዋለች፤ ጨርቋን ከእሱ ሞተር አጠገብ አድርጋ አንድ ላይ ቀይ ክር አዙራባቸዋለች።

«ልትጽፈው ትችላለህ» አለችው ቁርስ ላይ። «ግን አለቀሰች ብለህ እንዳትጽፍ። አላለቀስኩም። የዚያ የታሜኦ አፍ ነው።»

መከር ሙሉ ጻፈ። ደብተሩን ምንጣፉ ዳር አድርጎ፣ ከደሴት ደሴት እያየ፣ አንዱን አንቀጽ ከታች፣ አንዱን ከላይ። ከታች ያለውን የሚያውቀው እሱ ነው። ከላይ ያለውን ሲጽፍ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ፉሳኤ ከኮሪደሩ ልብስ እያጠፈች «ነፋሱ ከዚያ አይደለም የሚመጣው» ወይም «ደህና፣ ቀጥል» ትለዋለች። ሲያልቅ ዘጠኝ ገጽ ሆነ። ዘጠኝ ገጽ ለዐሥራ አንድ ደቂቃ። ታሜኦ ሲያነበው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀልደው ጠፋው፤ በኋላ ግን «የእኔ ስም በክፉ ነው የተነሣው» ብሎ አኮረፈ። ሁለት ቀን አኩርፎ በሦስተኛው ቀን የደረቀ ዓሣ ይዞ መጣ።

የክፍሉ ጽሑፎች በስስ መጽሐፍ ተጠርዘው ታኅሣሥ ላይ ወጡ። አንዱን ናጎያ ለምትኖረው ለናሚኤ ላኩላት። ሳምንት አለፈ፣ አልደወለችም። ጊንዞ ስልኩ አጠገብ መቀመጥ አበዛ፤ ፉሳኤ «ሥራ ይዟት ነው» እያለች እሷም ከስልኩ አልራቀችም። በዐሥረኛው ቀን ከናሚኤ ፖስታ መጣ። ውስጡ ደብዳቤ የለም። የእጅ መዳፍ የምታክል አንዲት ነጭ ወረቀት ብቻ።

ጊንዞ ወደ ክፍሉ ይዟት ገባና ምንጣፉ ላይ አስቀመጣት። ሁለቱም ጎን ለጎን ተንበርክከው ጎንበስ አሉ። ሥዕሉ ላይ ባሕር የለም፤ መርከብም የለም። ከሥር ወደ ላይ ስትታይ ከዳር እስከ ዳር ወረቀቱን የሞላች የአንዲት ሴት ጀርባ ብቻ ናት፤ ከትከሻዋ በላይ ደግሞ ሰማዩን ሁሉ የሸፈነ ጨርቅ።

ውጭ ከወደቡ በኩል የጀልባ ፊሽካ ተሰማና ጠፋ። ፉሳኤ መነጽሯን አወለቀች፣ አበሰች፣ መልሳ አደረገች።

«ይሄን ያህል ሰፊ ነበርኩ?» አለች።

ጊንዞ አንዱን ጉልበቱን አንሥቶ ወረቀቶቹን ቀስ ብሎ ወዲያና ወዲህ እየገፋ ለአዲሷ ቦታ ያበጅላት ጀመር።